በክረምት ለሚያርፍ ሞተር የሚገባው ጥንቃቄ



ክረምት ሊገባ ሲል በደንብ የሚተዳደር ቤት ሁሉ የታወቀ ዝግጅት አለው። ጣራው ይታያል፤ የሚያፈሰውም ይደፈናል፤ የጎርፍ መሄጃው ቦይ ይጠረጋል፤ ማገዶው ዝናብ ወደማያገኘው ስፍራ ይከተታል፤ እህሉ እንዳይሻግት ጐተራው ከመሬት ከፍ ብሎ መቆሙ ይመረመራል። ይህን ሁሉ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን ስለ ተማርነው አስታዋሽ አያሻንም። ከእነርሱ ሳንወርሰው በኋላ ዘመን ወደ ቤታችን ለገባው ንብረት ግን እንዲህ ያለውን ልማድ ገና አላበጀንለትም፤ ይኸውም ሞተር ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ክረምቱን ያለ ሥራ ተቀምጦ ስለሚያሳልፍ ሞተር፥ ይልቁንም እሳት ስለሚሰጡት ክፍሎቹ አጠባበቅ ጥቂት ቃል ልናቀርብ ወደድን።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት ወልድያንና አካባቢዋን እንውሰድ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ በሀብሩ ወረዳ ሲያልፍ መርሳንና ስሪንቃን ይነካል። በዚህ አገር በበጋ ወራት ከወንዝና ከጕድጓድ ውኃ እየተሳበ ሽንኵርትና ቲማቲም ይለማል፤ ማንጎና ብርቱካንም ይጠጣል። ውኃውን ከሚስቡት መሣሪያዎች አንዱ ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያዛውረው ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ነው። ይህ መሣሪያ በበጋው ወራት ዕረፍት የለውም። ሰኔ ሲጋመስና ደመናው ሲከብድ ግን ምድሩ ሁሉ ውኃ ይሆናልና የሚፈልገው ሰው የለም። ከወንዝ ዳር ተነሥቶ ወደ ቤት ይገባል፤ ጭቃው ሳይጠረግ በአንድ ጥግ ይቀመጣል፤ ላስቲክ ይጣልበታል፤ ከዚያም በኋላ እስከ መስቀል ድረስ ማንም ዘወር ብሎ አያየውም።

ችግሩ የሚገለጠው ሞተሩ መልሶ በተፈለገ ቀን ነው። በዚያ ቆላ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት ዓመት ጥቂት አይደለም። ማሽላው በሚያብብበትና ፍሬ በሚይዝበት ሰሞን ዝናቡ ቢቋረጥ፥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ውኃ ማጠጣት ምርቱን ሊያድነው ይችላል፤ በመደብ ላይ የበቀለው የሽንኵርት ችግኝም ውኃ ካጣ ብዙ ቀን አይታገሥም። በዚያ ሳምንት ባለቤቱ ወደ ሞተሩ ሄዶ ገመዱን ቢስበው አይነሣም፤ ዐሥር ጊዜ ቢስበውም አይነሣም። ከጎረቤት እንዳይለምን ጎረቤቱም የራሱን ማሳ ያጠጣል፤ መካኒክ ፍለጋ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ እንዳይልክ በዚያው ሰሞን የብዙ ሰው ሞተር ስለሚታመም ወረፋ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ወንዙ በአጠገብ እየፈሰሰ ተክሉ ይደርቃል ማለት ነው። የዚህ ሁሉ ጥፋት ምክንያት ብዙ ጊዜ ታላቅ ስብራት ሳይሆን ከወረቀት የቀጠነ ዝገት ነው። ሞተሩ ሥራ ቢፈታ እርጥበት ሥራ አይፈታምና።

እሳቱ እንዴት እንደሚፈጠር

ጥንቃቄውን ለማወቅ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። የቤንዚን ሞተር የሚሠራው ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው በሲሊንደር ውስጥ ከታመቁ በኋላ በእሳት ብልጭታ ሲቀጣጠሉ ነው። ብልጭታውን የሚሰጠው ካንዴላ ነው። ካንዴላው በሁለቱ የብረት ጫፎቹ መካከል ከ1 ሚሊሜትር የሚያንስ፥ ብዙ ጊዜ 0.7 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ክፍተት አለው። ኤሌክትሪክ ይህን ክፍተት በታመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል እስከ 10 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ የሆነ ግፊት ያስፈልገዋል። የናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩን እጅግ በማመቅ ስለ ሆነ ካንዴላ የለውም፤ ስለዚህ የዛሬው ነገራችን ለቤንዚን ሞተር ብቻ መሆኑ ይታወቅልን።

ባትሪ የሌለው ትንሽ ሞተር ይህን ያህል ግፊት ከየት ያገኛል? ብልሃቱ የቆየ ነው። ሮበርት ቦሽ የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓመት በአንድ ስፍራ ቆሞ ለሚሠራ ሞተር ማግኔቶ አበጀ፤ ከእርሱ ጋር ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድም በ1902 ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አስማምቶ አወጣ። እኛ በምንቈጥረው በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገብቶ ዳግማዊ ምኒልክ በተሳፈሩበት ጊዜ፥ ይህ ብልሃት ከወጣ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም ነበር።

ዛሬም በትንሹ የውኃ ፓምፕ ውስጥ ያለው በመሠረቱ ያው ነው። ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ከባድ መንኰራኵር ላይ ማግኔት ተተክሏል፤ በአጠገቡም ኮይል አለ። ማግኔቱ በኮይሉ ፊት ባለፈ ቍጥር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ በወፍራሙ ሽቦም ወደ ካንዴላው ይሄዳል። በማግኔቱና በኮይሉ ብረት መካከል ያለው ርቀት 0.3 ሚሊሜትር ያህል፥ ማለት ስም የታተመበት የአንድ ካርድ ውፍረት ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ኤሌክትሪኩን በጊዜው የሚያቋርጥ ፑንቲና አለ፤ በአዲሶቹ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው በኮይሉ ውስጥ የታሸገ የኤሌክትሮኒክ ክፍል ነው።

እርጥበት የሚያደርሰው ጕዳት

ከዚህ እንደሚታየው የሞተር እሳት የሚንጠለጠለው በጥቃቅን ክፍተትና በንጹሕ ብረት ላይ ነው፤ እርጥበት የሚያበላሸውም እነዚህኑ ነው። በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ አቧራና ውኃ ሲቀመጥ፥ የመስኖ ውኃ ቦዩ ሲሸረሸር ወደ ተክሉ መሄዱን ትቶ በጎን እንደሚያመልጥ፥ ኤሌክትሪኩም ክፍተቱን መዝለል ትቶ በእርጥቡ ሸክላ ላይ ሾልኮ ይጠፋል። በፑንቲናው ጫፍ ላይ ቀጭን ዝገት ካረፈበት ኤሌክትሪኩ አያልፍም። በማግኔቱና በኮይሉ ብረት ላይ የሚያብጠው ዝገት ያችን የካርድ ውፍረት ያላትን ክፍተት ይሞላና በዙር ጊዜ ይፋተጋል። በሽቦው ጫፍ ያለው መዳብም አረንጓዴ ሆኖ ይፈረፈራል።

አንዳንድ ሰው፤ «ሞተሬ ከጣራ በታች ነው፤ ዝናብም አልነካውም፤ እርጥበቱ ከየት ይመጣበታል?» ይል ይሆናል። መልሱን በቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሌሊቱን ዝናብ ባይዘንብም እንኳ በማለዳ ከቆርቆሮው የውስጥ ገጽ ጠብታ ይወርዳል፤ ይህም የሆነው ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ በቤቱ አየር ውስጥ የነበረው እርጥበት በላዩ ስለ ጤዘ ነው። ሞተርም ብረት ነውና ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጧት ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ሲነካው በውጭውም በሆዱም ጤዛ ይወርድበታል። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ የብረት ዝገት እየፈጠነ ይሄዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ደግሞ አየሩ ከዚህ ልክ በላይ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ጣራ ከዝናብ ያድናል እንጂ ከእርጥበት አያድንም።

የማስቀመጫውን ስፍራ ስለ መምረጥ

መልካም ስፍራ መምረጥ የጥበቃው እኵሌታ ነው። ሞተር ሊርቃቸው የሚገባ አራት ክፉ ጎረቤቶች አሉት።

የመጀመሪያው ማዳበሪያ ነው። ክረምት የዘር ጊዜ ስለ ሆነ የማዳበሪያው ከረጢት ወደ ቤት የሚገባው ሞተሩ በሚገባበት ሰሞን ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ጓዳ ይደረደራሉ። ነገር ግን ማዳበሪያ ከአየር ውኃ ይስባል፤ ዱቄቱም ርሶ ብረት ላይ ካረፈ ብረቱን ይበላል፤ ከዩሪያ የሚወጣውም አሞንያ መዳብን ያጠቃል። ሁለተኛው ጨው ነው፤ ጨው ውኃ ሳቢ መሆኑንና ብረትን ማዛጉን ማንም አይስተውም። ሦስተኛው የከብት ጋጣ ነው፤ ከሽንትና ከእበት የሚተነው ያው አሞንያ ስለ ሆነ ጋጣ ውስጥ የከረመ ሞተር የሽቦው ጫፍና የናስ ማያያዣው አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። አራተኛው ምድጃ ነው። አንዳንዱ ቤት ሞተሩ ሙቀት ያግኝ ብሎ ከማድ ቤት ያስቀምጠዋል፤ ዳሩ ግን ከማሰሮው የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛው ብረት ላይ ይጤዛል፤ ጥላሸቱም ይለጠፍበታል፤ ከታንኩ የሚተነው ቤንዚን ደግሞ እሳት አግኝቶ ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል። ይህስ ከዝገት እጅግ የከፋ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ ደረቅና አየር የሚመላለስበት፥ እሳትም የማይደርስበት ጓዳ ይፈለግለት። ጐተራ ከመሬት ከፍ ብሎ እንደሚቆም፥ ሞተሩም ቢያንስ ሁለት ስንዝር ከፍ ባለ አግዳሚ ላይ፥ ከግድግዳውም ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የሚለብሰው ልብስ አቡጀዲ ወይም ንጹሕ ጆንያ ይሁን። ላስቲክ ከላይ የሚንጠባጠበውን ይመልሳል፤ ነገር ግን እስከ መሬት ወርዶ ሞተሩን ከጠቀለለው ከአፈሩ ወለል የሚነሣው እርጥበት መውጫ ያጣና ከውስጥ ይታፈናል። ጣራው የሚያሠጋ ከሆነ ላስቲኩ ከላይ እንደ ድንኳን ተወጥሮ ጎንና ጎኑ ይከፈት። ሽቦውን አይጥ እንዳይቈርጠው እህልና ገለባ ከአጠገቡ ይራቅ።

የሥራው ተራ

ሥራው ሰኔ ከመጋመሱ በፊት፥ ፀሓይ ባለበት ቀን፥ ከቤት ውጭ፥ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይፈጸም። ለሠለጠነ እጅ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

በመጀመሪያ ሞተሩ ተነሥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ይሥራ፤ ፓምፕ ያለ ውኃ ሲሠራ ስለሚጐዳ ይህ ውኃ እየሳበ ይሁን። በደንብ ከሞቀ በኋላ የቤንዚኑ ቧንቧ ይዘጋና በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ጨርሶ በራሱ ይጥፋ። በታንኩ የቀረውም ቤንዚን ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይውጣ፤ ቤንዚን ለብዙ ወራት ሲቀመጥ እንደ ሙጫ እየሆነ ቀጫጭኑን ቀዳዳ ይደፍናልና። የፓምፑም ውኃ ተከፍቶ ይፍሰስ።

በሁለተኛ ደረጃ ጭቃውና አቧራው በደረቅ ብሩሽና በጨርቅ ይጠረግ። በባልዲ ውኃ መድፋት ወይም በጎማ መርጨት አይገባም፤ ውኃው ወደ ኮይሉና ወደ ማግኔቱ ገብቶ ለመውጣት ብዙ ቀን ይፈጅበታልና።

በሦስተኛ ደረጃ የሞተሩ ማጥፊያ ወደ መዝጊያው መዞሩ ይረጋገጥና የካንዴላው ቆብ ይነቀል። ሲነቀል ራሱ ቆቡ ይያዝ እንጂ ሽቦው አይጐተት። በካንዴላው ዙሪያ ያለው አፈር ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ከዚያም በካንዴላ መፍቻ ይፈታ። መልኩን ማየት ጠቃሚ ነው፤ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቢሆን ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ቢለብስ ቤንዚኑ መብዛቱን ወይም የአየር ማጣሪያው መደፈኑን ያመለክታል፤ በዘይት ቢርስ ደግሞ መካኒክ ሊያየው ይገባል።

በአራተኛ ደረጃ በካንዴላው ቀዳዳ 10 ሚሊ ሊትር ያህል፥ ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመር። ቀዳዳው በጨርቅ ተሸፍኖ የማስነሻው ገመድ በዝግታ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይሳብ፤ በዚህ ጊዜ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሁሉ ይቀባል። የተነቀለው ቆብ ከቀዳዳው ርቆ ይቀመጥ፤ ማጥፊያውም እንደ ተዘጋ ይቈይ፤ አለዚያ በገመዱ መሳብ የሚፈጠረው ብልጭታ የቤንዚኑን ትነት ሊያቀጣጥል ይችላል።

በዐምስተኛ ደረጃ ካንዴላው በብሩሽ ይጽዳ፤ ነጩ ሸክላ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል፤ ከተሰነጠቀም ይለወጥ። በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አይገባም፤ የወረቀቱ አሸዋ በሸክላው ሥር ተወትፎ ወደ ሲሊንደሩ ይገባልና። ሲመለስ በመጀመሪያ በጣት እየተዞረ ይግባ፤ በመጨረሻ ብቻ በመፍቻ ይጥበቅ። ከዚህ በኋላ ገመዱ በዝግታ እየተሳበ ከበድ ሲል ይቁም። ሲከብድ ፒስተኑ አየሩን ማመቅ ጀምሯል፤ ቫልቮቹም ተዘግተዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ እርጥብ አየር እንደ ልቡ አይገባም። ይህ አንድ ገንዘብ የማያስወጣ ጥበቃ ነው።

በስድስተኛ ደረጃ የሽቦው ጫፍና ቆቡ በደረቅ ጨርቅ ይወልወሉ። በገበያ ለኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ተብሎ የሚሸጥ የሲሊኮን ግራሶ ከተገኘ በቆቡ የውስጥ ከንፈር በስሱ ይቀባ፤ ውኃ እንዳይገባ ይከለክላል። ካልተገኘ ደረቅ ሆኖ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ተራ ግራሶ የቆቡን ጎማ ያሳብጠዋልና።

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አባቶቻችን ጠመንጃቸውን በዘይት ወልውለው መስቀላቸው መልካም ልማድ ነበር፤ ልማዱም ለሞተሩ ውጫዊ ብረት ዛሬም ይሠራል። ዳሩ ግን ዘይት ለብረት ወዳጅ ቢሆንም ለኤሌክትሪክ መጋጠሚያ እንቅፋት ነው። በፑንቲና ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ብታርፍ ብልጭታውን ታጠፋለች። የፑንቲናው ጫፍ በንጹሕ ወፍራም ወረቀት ብቻ ይጠረግ። ቅቤና የምግብ ዘይት ደግሞ ለማናቸውም የሞተር ክፍል አይሆኑም፤ ሲቈዩ ይሻግታሉ፤ እንደ ሙጫም ይደርቃሉ፤ አይጥም ይጠራሉ።

በመጨረሻ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መካኒክ የመንኰራኵሩን ክዳን ከፍቶ የኮይሉንና የማግኔቱን ገጽ ይይ፤ ዝገት ካለ በልም ብርጭቆ ወረቀት ይጥረግ፤ ብናኙን ያውጣ፤ የካርዱንም ውፍረት ያህል ክፍተት እንደ ገና ይለካ። ይህን መካኒኩ ሥራ በፈታበት በሰኔ ማሠራት፥ ሁሉ በሚጣደፍበት በመስከረም ከማሠራት ይቀላል።

በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ማስነሣት ይጠቅማልን?

ብዙ ሰዎች ሞተር በክረምት እንዳይታመም በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ አስነሥተው ያጠፉታል። አሳቡ መልካም ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ጢስ ብቻ አይወጣውም፤ ውኃም ይወልዳል። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ እንፋሎቱ በጢስ መውጫው ተጠርጎ ይሄዳል፤ ሳይሞቅ ከጠፋ ግን በሲሊንደሩ፥ በካንዴላውና በዘይቱ ውስጥ ውኃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ማስነሣት እርጥበትን ማባረር ሳይሆን እርጥበትን በእጅ ማስገባት ነው። ወይ ሥራ ላይ ውሎ በሚገባ ይሙቅ፤ ወይ ከላይ እንደ ተባለው ተሰናድቶ በሰላም ይረፍ።

ስለ ጀነሬተር፥ ስለ ሞተር ብስክሌትና ስለ አውቶሞቢል

ጀነሬተር እንደ ፓምፕ ሊታሰር አይችልም፤ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት አይታወቅምና። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በቈየበት ጊዜ ኤሌክትሪክ መቋረጡን የከተማው ነዋሪ አይረሳውም፤ የሚነሣ ጀነሬተር ምን ያህል ዋጋ እንዳለውም የታወቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጀነሬተር በወር አንድ ጊዜ መብራት ወይም ሌላ ሥራ ተሰጥቶት ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ይህም ዘወትር ከቤት ውጭ፥ ከመስኮትና ከበር ርቆ ይሁን፤ በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምና ሽታ የሌለው፥ የተኛን ሰው ሳያነቃ የሚገድል መርዝ ነውና።

የክረምቱ ጭቃ ከቤት ያስቀረው ሞተር ብስክሌት ባትሪ አለው። ባትሪው በመጀመሪያ ከነጌቲቩ፥ ቀጥሎ ከፖዘቲቩ ይፈታ፤ በጫፎቹ ላይ የሚወጣው ነጭ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ይጠረግ፤ መልሶ ከታሰረ በኋላ በላዩ ቫዝሊን ይቀባ። 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ከ12.4 ካነሰ መሞላት አለበት። ስለዚህ በየወሩ ቢለካ መልካም ነው። በጋራዥ የቆመ አሮጌ ፎልክስዋገን ወይም ሌላ ዲስትሪቢውተር ያለው አውቶሞቢል ያላችሁ እንደ ሆነ፥ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን አንሥታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ። በክዳኑ ውስጥ እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ፥ ኤሌክትሪክ የሚሾልክበት መንገድ ነውና ክዳኑ ይለወጥ።

ትርፍ ካንዴላ የገዛችሁ እንደ ሆነ ክዳኑ በሚጠብቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ከአዲስ ጫማ ወይም ከመድኃኒት ብልቃጥ የምትወጣውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ብትጨምሩበት ለዓመታት ሳይዝግ ይቈያል። ይህች ከረጢት ግን የምትበላ ስላልሆነች ከሕፃናት እጅ ትራቅ።

ክረምቱ ሲወጣ

ሞተሩን ለመክፈት የችግር ቀን መጠበቅ አይገባም። ነሐሴ ሲያልቅ ፀሓይ የወጣበት ቀን ተመርጦ ካንዴላው ይፈታ፤ ማጥፊያው እንደ ተዘጋ ገመዱ ጥቂት ጊዜ ተስቦ የተረፈው ዘይት ይውጣ፤ ካንዴላው ከዘይቱ ጸድቶ በፀሓይ ይድረቅ። አዲስ ቤንዚን ይቀዳ፤ የሞተሩም ዘይት ይታይ። ሲነሣ በመጀመሪያ ነጭ ጢስ ቢያወጣ የተቀባው ዘይት ነውና አያስደነግጥ።

ባይነሣስ? በመጀመሪያ የካንዴላው ቆብና ሸክላ ደረቅ መሆናቸው ይታይ፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ዕቃ የተቀመጠው ትርፍ ካንዴላ ይግባ። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ካልሆነ ግን ነገሩ በኮይሉ ወይም በማግኔቱ በኩል ነውና ለመካኒክ ይተው። ሞተሩን ወደ ምድጃ ማቅረብ፥ ፍም ከሥሩ ማስቀመጥ ወይም ቤንዚን በሲሊንደሩ አፍስሶ ገመዱን መሳብ ሰውንና ቤትን ያጠፋል፤ ከቶ አይደረግ።

ኀላፊነቱ የማን ነው?

ይህ ሁሉ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ባለቤት የለሽ መሆኑ ነው። በቤት ውስጥ አባት ልጁ አደረገው ብሎ ያስባል፤ ልጁም አባቱ አደረገው ብሎ ይተዋል። ሦስት አራት ሰው በጋራ የገዛው ፓምፕ ደግሞ በበጋ የሁሉም ነው፤ በክረምት የማንም አይደለም። በመሥሪያ ቤት ያለው ሞተር ብስክሌትና ጀነሬተርም እንዲሁ ነው፤ በመዝገብ ተጽፎ ቍልፉ ይቈጠራል እንጂ ካንዴላው ደረቅ መሆኑን የሚጠይቅ የለም። የመንግሥት ንብረት በእጁ ያለ ሹም ግን የተረከበው የሚሠራ ሞተር ነውና የሚያስረክበውም የሚሠራ ሞተር ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ሰው በስሙ ይመደብለት። በሞተሩ እጀታ ላይ በአንዲት ካርድ፥ ያሰናዳው ሰው ስም፥ የተሰናዳበት ቀን፥ «ቤንዚን የለውም፤ በሲሊንደሩ ዘይት አለ» የሚል ቃል፥ የሚከፈትበትም ቀን ተጽፎ ይንጠልጠል። ይህች ካርድ በመስከረም ሞተሩን የሚያነሣው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ እንዳይሳሳት ትመራዋለች። ለትምህርት የደረሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም ካንዴላ መፍታትንና መመለስን ከአሁኑ ይማሩ፤ እህል እንዳይነቅዝ መጠበቅ የቤት ሙያ እንደ ሆነ ሁሉ፥ እህሉን የሚያጠጣውን ሞተር መጠበቅም ከእንግዲህ የቤት ሙያ ነውና።

አንድ ማንኪያ ዘይት፥ አንድ ቁራጭ ጨርቅና አንድ ሰዓት ድካም በሰኔ ቢወጣ፥ በመስከረም የአንድ ማሳ ሽንኵርት ያተርፋል። በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጻችን በክረምት ልብስና መጽሐፍ እንዳይሻግት ስለሚደረገው ጥንቃቄ እንነጋገራለን። እስከዚያው ክረምቱን በጤና ያሳልፋችሁ።